ሻይ ሲመጣ የሚመጣው መስመር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዋይፋዩ ዛሬም ጠዋት የለም። ትናንት ከሰዓት እንደ ልቡ ሲሠራ ውሎ... አሁን ጭጭ።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። የቀድሞው በቃኝ ብሎ ሲሞትብኝ ባለፈው ሳምንት ገዛሁት። ታናሽ ወንድሜ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት ጫነበት። "እትዬ፣ ከእንግዲህ ቫይረስ የለ፣ መንቀራፈፍ የለ!" ብሎ ደረቱን ነፋና በማግስቱ ወደ ሥራው ተሳፈረ። እውነቱን ነው፣ ቫይረስ የለም። ኢንተርኔትም የለም። (የሊኑክስ ምልክት የሆነው ፔንግዊን ያለበት ካናቴራ ከላዩ ስለማይወርድ ቤት ውስጥ ስሙ ፔንግዊኑ ነው።)

በስልኬ ዋይፋዩ ይሠራል። ስለዚህ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው። የቢሮው ፕሮግራም ደግሞ በስልክ አልከፈትም ይላል። በገመድ ላገናኝ ብል የገመዱ ቀዳዳ ተሰብሮ ነው የሸጡልኝ። ምን ቀረ? ጸሎት።

የጠዋቱ የሁለት ሰዓት ስብሰባ አመለጠኝ። ሥራዬ የተቀዳ ንግግር እያዳመጡ መጻፍ ነው። ጠዋት ጠዋት በኢንተርኔት ተሰብስበን የዕለቱን ቅጂ እንከፋፈላለን። ያልተገኘ ሰው ማንም ያልፈለገው ነው የሚደርሰው። ዛሬ ለእኔ የደረሰኝ ሲያስል የዋለ ሰው ንግግር ነው።

ተርሚናል የሚሉትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ከሰዎች ምክር የገለበጥኩትን ሁሉ ጻፍኩበት። እምቢ። አባዬ ሻይ ይዞ ገባ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ። ሻዩን ፉት ሳልል ዋይፋዩ ብቅ! የመጨረሻው ትዕዛዝ ሠራ ማለት ነው። ገልብጬ አስቀመጥኩት። ነገ ጠዋት እሱን ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የትናንቱን ትዕዛዝ ደገምኩት። ምንም። ሰለስኩት። ምንም። ሌላ ሞከርኩ፣ ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ገለበጥኩ፣ ለመንኩ። አባዬ ከእግር ጉዞው ተመልሶ ሻይ አመጣልኝ... እና መጣ። አሁንስ የቱ ትዕዛዝ ነው የሠራው? ፔንግዊኑ ጋ ደወልኩ።

"መጨረሻ ላይ ምን ጻፍሽ?"

"ኧረ እኔ እንጃ። ሻይ ነው የሚያመጣው።"

"እትዬ፣ ሊኑክስ ሻይ አይጠጣም።"

ከአለቃ መልእክት መጣ። አጭር ነው። ጠዋት መገኘት ካልቻልኩ ዋናው ቢሮ ወንበር አለ፣ መስመሩም አስተማማኝ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት እንነጋገር። ዋናው ቢሮ! ሙሉ ቀን ተሳፍረው የሚደርሱበት ከተማ። አባዬን ለማን ጥዬ? እማዬ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው ሁለታችን ነን። ሥራውን ብለቅስ በምን እንኖራለን? ለአባዬ አልነገርኩትም፣ ያልሆነ ነገር ሲያብሰለስል እንቅልፍ ያጣል።

ማታ ኳስ አለ። ረጅሙን የቴሌቪዥን ገመድ ከክፍሌ በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፌ ላፕቶፑን ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁለት። የእሱ ቡድን አሸነፈ። ሁለቱንም ግብ ቆሞ ነው ያየው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዋይፋዩ የለም (ሻይ እስኪመጣ)። አዲስ ነገር ደግሞ ተጨመረ። ድምፅ የለም።

ጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ። ዝም። ነቀልኩ። ዝም። የድምፁን ማስተካከያ ጣራ አደረስኩት። ፔንግዊኑ በስልክ የሙከራ ድምፅ አስከፈተኝ፤ አንዲት ሴት ግራ ቀኙን በእንግሊዝኛ ትጠራለች ተብሎ ነበር። ማንም አልጠራም። ደጋግሜ ብጫን ብጫን ወይ ንቅንቅ! ቅጂውን በስልኬ እያዳመጥኩ ጻፍኩ። እንዲህ ነው እንጂ ዘመናዊነት፣ በሁለት መሣሪያ የአንዱን ሥራ።

ምሳ ላይ አባዬ ቀስ ብሎ፣ "ልጄ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ደህና ነው?" አለኝ።

"ምን ሆነ?"

"ሰማያዊ ስዕል አውጥቶ ይቆማል። ከዚያ በእንግሊዝኛ የምትናገር ሴት አለች። አንዲት ቃል ትላለች፣ ዝም ትላለች። ደግሞ ያንኑ ትላለች።"

 አባዬ ማርጀት ጀመረ ማለት ነው? ዜና ይሆናል አልኩት። ዜና እንኳ አይመስልም አለ፣ ነገሩንም ተወው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ከአለቃ ጋር ተነጋገርኩ። "ተነጋገርኩ" ማለት... እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ አየሁ። ምስላቸው ጥርት ያለ ነው፣ ድምፅ ግን ጠብ የሚል የለም። ምን ልበል? "ዋይፋይ የለኝም" ስል ሰንብቼ ዛሬ "ድምፅም የለኝም" ልበላቸው? ምላሴን ነከስኩ። አፋቸውን አይቼ ለመረዳት ሞከርኩ። አለቃ ጢማቸው ከንፈራቸውን ውጦታል።

ፊታቸው ኮስተር ሲል ኮስተር አልኩ። ፈገግ ሲሉ ፈገግ አልኩ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ጥያቄ ነው ብዬ "እሺ" አልኩ። ደስ አላቸው! ደግሞ ጠየቁ፣ ደግሞ "እሺ፣ ምንም ችግር የለም" አልኩ። እጃቸውን አውለብልበው ተሰናበቱ። ሰላም ነው መቼም፣ ሰው ተቆጥቶ እጅ አያውለበልብም።

ከክፍሌ ስወጣ አባዬ ሳሎን ቁጭ ብሏል። ቴሌቪዥኑ በርቶ ባዶ ሰማያዊ ስዕል ያያል። "ደክሞኛል" ብሎ ተነሳ። ቡድኑ ባሸነፈ ሳምንት እንዲህ ሲከፋው አይቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት ስነሳ ሻንጣዬ ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ዚፑ በሻማ ታሽቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አባዬ ወጥቷል። ወደ አክስቴ ሊሄድ ይሆን? የእኔን ሻንጣ ይዞ?

ዋይፋዩ ከሻዩ ጋር ሲመጣ የአለቃ መልእክትም አብሮ ገባ። "ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ዋናው ቢሮ ለመዛወር በመስማማትሽ ደስ ብሎናል።"

ወሽመጤ ቁርጥ! መቼ ነው የተስማማሁት? ... "እሺ፣ ምንም ችግር የለም።" ወይኔ! የገዛ ራሴን ቤት በእሺታ ሸጥኩት።

"አባዬ! አለቃ እሄዳለሁ ብለሻል ይሉኛል!" ብዬ ጮህኩ።

"ብለሻል እኮ" አለ አባዬ፣ ትሪውን እንደያዘ። "ሰምቻለሁ። ሰውዬው ደግ ነው፣ ሁለቴ ነው የጠየቀሽ።"

"ከየት ሰማህ?"

"እሱን ከቴሌቪዥኑ፣ አንቺን ከክፍልሽ።"

ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። ከዚያ ገመዱን አየሁት፣ ከላፕቶፑ ወጥቶ በግድግዳው ቀዳዳ ሲገባ። ከማክሰኞ ኳስ ጀምሮ አልነቀልኩትም። ድምፁ ሁሉ ሳሎን ነው የሚወጣው! ያቺ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሴትም የእኔው የሙከራ ድምፅ ናት። አባዬ ጤነኛ ነው፣ ያረጀሁት እኔ ነኝ። በድምፁ መስኮት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚለውን ትቼ የላፕቶፑን መረጥኩ። ወዲያው ሴትየዋ ከፊቴ "ፍሮንት ሌፍት" አለችኝ። ልሳማት ምንም አልቀረኝም።

"አልሄድም አባዬ። ሳልሰማ ነው እሺ ያልኩት።"

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ እኔ ምንም አልሆንም" አለ። ድምፁ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። 

አለቃ ጋ ደወልኩና እንዳለ ዘረገፍኩት። ሳቅ መጣ። ትንሽ ሳቅ። "ሰኞ በሁለት ሰዓት ልይሽ። ካየሁሽ ዝውውሩ ቀርቷል። ካላየሁሽ ግን እሺታሽን እይዛለሁ።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

በጠዋት፣ አባዬ ለእግር ጉዞ እንደወጣ ፔንግዊኑን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። አንድ ትዕዛዝ አስጻፈኝ፣ መልሱን አነበብኩለት። እንደገና አስነበበኝ።

"እትዬ፣ በሶፍትዌር አልተዘጋም። በእጅ ነው የተዘጋው ይላል።"

"በማን እጅ?"

"እሱን ሊኑክስ አያውቅም። ጎን ጎኑን ዳብሺ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖረዋል።"

ዳበስኩ። ግራ ጎኑ ላይ፣ የጥፍር ያህል፣ ተንሸራታች። ገፋሁት። ቀጭ! ዋይፋዩ መጣ። ሻይ ሳይመጣ! ሳምንቱን ሙሉ የጻፍኩት ትዕዛዝ ሁሉ ከንቱ። ግን ማን ዘጋው? በክርኔ ይሆን?

አመሻሹ ላይ ኮሪደር ላይ ፎጣ ሳጣጥፍ አባዬ ዙሩን ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ተረኛ ነበር። ጡረታ ወጣ እንጂ ከተረኝነት አልወጣም። ሲመሽ ቤቱን ዞሮ ይዘጋል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከእግር ጉዞ ሲመለስ ዞሮ ይከፍታል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ አጠበቀ። ምድጃውን አየ። ካውያውን ነቀለ። ክፍሌ ገባ፣ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ አለ፣ በአውራ ጣቱ... ቀጭ።

"አባዬ! ምን አደረግክ?"

"ዘጋኋት። እንዲሁ ክፍት ትደር እንዴ? ከተገዛች ጀምሮ ማታ እዘጋታለሁ፣ ጠዋት ሻይ ሳመጣልሽ እከፍታታለሁ። አንቺማ ሁሉን ክፍት ትተሽ ነው የምትሄጂው።"

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። እንባዬ እስኪፈስ። እሱም ሳቄ አስቆት ሳቀ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ። ነገርኩት። ጠዋት የሚጠፋው መስመር ያ መሆኑን፣ አለቃ የተቆጡት በዚያ መሆኑን። ምነው ቀስ ብዬ በነገርኩት! ሳቁ ከፊቱ ወረደ።

"እኔ ነኛ ከቤት ሳስወጣሽ የከረምኩት?"

አይ አባዬ አልኩ። 

እሑድ፣ ጥቅምት 10

አባዬ ዛሬ አልዞረም። ጠዋት መጋረጃው እንደተዘጋ፣ የጓሮው በር እንደተቆለፈ። "ጡረተኛ ነኝ" አለኝ። ሻዩንም እኔው ቀዳሁ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ... ጠብ... ይላል። ሄጄ ባጠብቀው እምቢ አለኝ። የእሱን እጅ ነው የሚያውቀው። ይህን ድምፅ በዚህ ቤት ሰምቼው አላውቅም። ለካ ሁልጊዜ ሰው ይዘጋው ነበር። 

አመሻሹ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጣቢያው ተረኛ የለውም እንዴ ዛሬ?"

"ተረኛው መስመር ዘግቶ ሰው ያስጠማ ነው። ይባረር።"

"አባዬ፣ ድሮ ጣቢያው ውስጥ ጨርሶ የማይዘጋ መስመር አልነበረም?"

ቀና አለ። "ነበር እንጂ። የሆስፒታሉ። እሱን ሌሊትም የሚነካው የለም።"

"እንግዲህ የእኔም የሆስፒታሉ ናት።"

አሰበ። አገጩን አሻሸ። "ታዲያ ምልክት የለባት" አለ፣ ቅር ብሎት። "ምልክት የሌላት ቫልቭ ተረኛ ምን ያውቃል?"

ተነሳ። የመሣሪያ ሳጥኑን ሲጎረጉር ሰማሁት። ቆይቶ ቧንቧው ጸጥ አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ዋይፋይ አለ፣ ድምፅ አለ፣ አለቃ አሉ። "ምን ተገኘ?" ሲሉኝ "ከተረኛው ጋር ተግባባን" አልኳቸው። አልገባቸውም። እሺ ከማለቴ በፊት ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ዝውውሩ ቀርቷል። ቀርቷል! የማያስል ሰው ቅጂም ደረሰኝ።

ላፕቶፑ ግራ ጎን ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች ቀይ ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች። ጠርዟ ዝጓል፣ ቀለሟ ተልጧል፣ ጽሑፏ ግን ይነበባል። "ይህ መስመር ክፍት ይደር።" ጡረታ ሲወጣ ከጣቢያው ያመጣት መሆን አለበት። በጻፍኩ ቁጥር እጄን ትነካኛለች። አላወልቃትም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ መጣ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ አውራ ጣቱ በልማዱ ወደ ግራ ጎን ሄደ፣ ቆርቆሮዋን ነካ፣ ቆመ። ሌላ ሰው እንደሰቀላት ሁሉ ጎንበስ ብሎ አነበባት። "ጎሽ" ብሎ ወጣ። የጓሮውን ቧንቧ ሲከፍት፣ መጋረጃውን ሲገልጥ ሰማሁት።

ኮሪደሩ ባዶ ነው። ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ተመልሷል። ማን እንደመለሰው አልጠየቅኩም። አቧራ ይልበስ።