ሚካኤል ዕለት የተሰነጠቀው ቱቦ

ኅዳር 13፣ ደብረ ማርቆስ

ጠዋት የጥገና ኃላፊ ወደሆንኩበት ሳሙና ፋብሪካ ስገባ የኮስቲክ ሶዳው ቱቦ ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ሶዳው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ደግነቱ ሰው አልነካም።

ባለቤቱ ጋሽ ዳኘው ቱግ አሉ። «ትናንትኮ ሚካኤል ነበር! አንድም ሰው ሥራ አልነካም፤ ምን ሰነጠቀው?»

ሥራ ባይኖርም ቱቦውን የሚያሞቀው እንፋሎት አልተዘጋም። ሶዳው በዚህ ብርድ ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ብለን በዓል በመጣ ቁጥር እያሞቅን እንተወዋለን። ትኩስ ሶዳ ቆሞ የዋለበት ተራ ብረት ደግሞ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል።

«በአሉሚኒየም ቀይሪው፤ እሱ አይዝግም» አሉኝ። ደጅ ወጥቼ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ስባሪ ሶዳ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጣልኩላቸው። አረፋ እየደፈቀ ሲበላው አይተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ትኩስ ሶዳ የማይበግረው የኒኬል ቱቦ ነው የምፈልገው። ከውጭ እስኪመጣ ሥራ ይቆማል፤ ሠራተኛው እንደሚያጉረመርምብኝ አውቃለሁ። ያጉረምርም። ያንን ብረት ዳግመኛ አላስበይድም። ኒኬሉ ከገባም በኋላ በየበዓሉ ዋዜማ ቱቦው ተራግፎ ይታጠባል።

ጋሽ ዳኘው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «የበዓል ቀንኮ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው።

ነበር። እኛ ሚካኤልን ስናከብር ሶዳው ሥራ ላይ ነበር።