ሬሳው ውሃውን ጠጣ፤ ከዚያስ?

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና አስተዳዳሪ፣ ለዶክተር ንጋሎማ፤

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ያ ቀን ቀን የሚያንቀላፋው የግቢዎ ውሻም እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከበርዎ ውጭ ቆሜ ከመዋሌ በቀር ደህና ነኝ።

ማጌምቤ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፈው ልጄ ታቡ ናት። ነገሩ ከሻከረዎት ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሷ አይደለም። በዓሣ ገበያው የሚሸጡት የአስፈሪ ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ከእኔ አፍ የወጡ ናቸው። የገዛቸው ሰው ሲመሽ ሽንት ቤት ለብቻው መሄድ ያቅተዋል፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም። እያንዳንዱን ታሪክ አስቀድሞ የሚሰማው ግን በሆስፒታልዎ ክፍል ቁጥር አራት የተኛው ሾማሪ ኮንዶ ነው። የእርሱ የክንድ ፀጉር ካልቆመ ታቡ ብዕር አታነሳም።

እኔ ከኒያምዌዚ ጎሳ ነኝ፣ እርሱ ከባሕር ዳሩ ከዛራሞ፤ ስለዚህ ምታኒ ነን። ይህን ለተማረ ሰው ማስረዳት ድፍረት ባይሆንብኝ፣ ምታኒ ማለት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንዲሰድብህ፣ በሞትህም ሳይቀር እንዲቀልድ የተፈቀደለት ሰው ነው። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ምናልባት ትምህርቱ የተሰጠ ዕለት እርስዎ ቀርተው ይሆናል።

ከክፍሉ ያስባረረችኝ ነርስ የሰማችውም ይህንኑ ቀልድ ነው። “አንተ ኮኮናት ጠባቂ፣ ዓርብ ትሞታለህ፤ ሬሳህንም የማጥበው እኔ ነኝ” አልኩት። እርሱም አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ፣ “አንተ የሰው ጓዝ ተሸካሚ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ! ቀጥል እንጂ!” አለኝ። ቀጠልኩ። በታሪኬ ውስጥ አራት ሰዎች የሾማሪን ሬሳ ሊያጥቡ ገቡ። ውሃ አፈሰሱበት፤ ውሃው ግን መሬት አልደረሰም፤ ሬሳው ጠጣው። ደንግጠው እጃቸውን ሲሰበስቡ፣ አንድ የማንም ያልሆነ እጅ ደረቱ ላይ ቀረ። “የማን ነው?” ብሎ ሾማሪ አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። ስንት ቀን ያልተቀመጠ ሰው! ልመልስለት አፌን ስከፍት፣ ሕመምተኛ አስፈራርተሃል ተብዬ በብብቴ ተይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ በምርኩዝ ለሚሄድ ሽማግሌ ያን የሚያህል ጎረምሳ ጠባቂ ስላቆሙልኝ አመሰግናለሁ። የማስፈራ ሰው መሆኔን እንዲህ በይፋ ያወቀልኝ የለም። ጠባቂው ጨዋ ነው። እንደ አያቱ ቆጥሮኝ “ባቡ፣ ትእዛዝ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?” ይለኛል። ቆይቶ ደግሞ ግራ ቀኙን አይቶ፣ “ለመሆኑ እጁ የማን ነበር?” ይላል። አልነገርኩትም። ተራው የሾማሪ ነው።

ሁለተኛ፦ “ለሕመምተኛው ሰላም” ብለው በሩ ላይ ስለለጠፉት ወረቀት። ታቡ አንብባልኛለች፤ ፊደሉ ያምራል አለች። በዚያ ሰላም ውስጥ ግን የሚገባው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ “ትድናለህ” ይለዋል። ሾማሪ ሞኝ አይደለም፤ የሐኪሞቹን ፊት ያነባል። ክቡርነትዎ፣ የእኔን ፍርሃት ሲበዛበት “በቃ!” ይለኛል፣ አቆማለሁ፣ እንስቃለን። የእናንተን ፍርሃት ግን ማንን በቃ ይበል?

ሦስተኛ፦ ልጄ ሕመምተኛ እንዳትጠይቅ ስላልከለከሉ ታቡን ላክኋት፤ ታሪኩን ጽፋ ይዛ ገባች። ስታነብለት ውሃው ጋ ስትደርስ አለቀሰች። በትከሻው ተሸክሟት ያደገች ልጅ ናት፤ ምን ታድርግ? ሾማሪም፣ “ልጄ፣ ይህ ማስፈራት አይደለም፣ ልቅሶ ነው። ያን ሌባ አባትሽን ላኪው” ብሎ መለሳት። እኔም መጣሁ። ጠባቂዎም ሥራውን ሠራ።

አራተኛ የለኝም። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነዎት ተብያለሁ፤ ያን እንደ አራተኛ ይቁጠሩልኝ።

ከትናንት ወዲያ ነርሷ ለታቡ፣ “መናገር ትቷል፣ ግን ይሰማል” ብላታለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጉልበት ኖሮኝ አጥር አልዘል፤ ዘመድ ኖሮኝ ባለሥልጣን አላስለምን። ያለኝ አፌ ብቻ ነው፤ እርሱንም ከበር ውጭ አቆማችሁት። መድኃኒት አልጠየቅሁም፣ አልጋም አልጠየቅሁም። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ የምጨርሳት አንዲት ታሪክ አለችኝ፤ ከፈለጉ እርስዎም ገብተው ይቀመጡ፣ ከደነገጡም እጅዎን እይዛለሁ።

ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ስብሰባዎን ያሳጥርልዎ። በታመሙ ጊዜም “ትድናለህ” የሚል ብቻ እንዳይከብዎት ከልብ የምመኝልዎ፣ በአውራ ጣቴ የፈረምኩ፣

ማጌምቤ፣ የሾማሪ ኮንዶ ምታኒ

ግልባጭ፦ ለዓሣ ገበያው የማስታወቂያ ሰሌዳ፤ ማንበብ ለሚችልም፣ አስነብቦ ለሚሰማም።

ተጨማሪ፦ ውሳኔዎ ከዘገየ አይጨነቁ። ምታኒን ከምታኒው ቀብር የሚያባርር ሥልጣን በዚህ አገር እስካሁን አልተፈጠረም። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ መጨረሻውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ሕዝቡ ይሰማል፣ ጠባቂዎን ይዘው ከመጡም እርስዎ ይሰማሉ። የሚፈራልኝ ሾማሪ ግን አይኖርም።