የጀልባ አሻጋሪው ፊት

ለወንድሜ ለኤድሞን፤

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ዮላንድስ እንዴት ናት፤ ሳሏ ተሻላት? ልጆቻችሁ ሉክና ትንሿ ማርቲን የብራስልስን ብርድ እንዴት ይዘውታል? ሁላችሁንም ጤና ያድርግልኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን» ይባላል፤ እኔ ግን ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ከተነጋገርን ወዲህ ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልበረደም። እንዳለሁ ልጻፍልህ።

በኤፕሪል ያ በሥዕል የምትተርከው የድሮ ዘመን ታሪክህ በልጆች መጽሔቱ ላይ ሲጀምር የአባባን ደስታ አላየህም። መልእክት የያዘው ወጣት ከፈረንሳይ ወታደሮች ሸሽቶ ወንዛችን ዳር ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ጀልባ አሻጋሪ ብቅ አለ። ቆቡ የአባባ፣ አፍንጫው የአባባ፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር የአባባ ነበር። አባባ መጽሔቱን ይዘው ሌዮንስ ቡና ቤት ሄዱና «ልጄ ነው የሳለኝ» እያሉ ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ አደባባዩ ላይ ቆመው ፖስታ የሚያመጣውን አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ሰዉም «ኦክታቭ፣ ዛሬስ ማንን አሻገርክ?» እያለ ያጫውታቸዋል። ድልድዩ ተሠርቶ ሥራቸው ከቀረ ወዲህ እንዲህ ቀና ብለው ሲሄዱ አላየሁም ነበር።

ሴፕቴምበር ላይ ያ ሐሙስ መጣ። አሻጋሪህ ወጣቱን መሐል ወንዝ ካደረሰ በኋላ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ማዶ ለሚጠብቁት ወታደሮች ምልክት ሰጠ። በመጨረሻው ሥዕል ላይ የወርቅ ከረጢት ታቅፎ ይስቃል። አባባ ይህን ያዩት ቡና ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በትከሻቸው ላይ አንገቱን አስግጎ ነው። ይህን የነገረችኝ የቡና ቤቱ ባለቤት ሌዮንስ ናት። ኋላ ሥጋ ሻጩ ጉስታቭ «እኛስ ድሮም ጠርጥረን ነበር» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አንተ ታጣዋለህ? በጦርነቱ ጊዜ አባባ በጨለማ ያሻገሯቸውን የእትዬ አልፎንሲንን ሁለት ልጆች ጀርመኖች ማዶ ጠብቀው ያዟቸው፤ በዚያው ቀሩ። ጠቋሚው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ መሆኑ ፍርድ ቤት ቀርቦ እስኪረጋገጥ ድረስ ሰው በራችን ላይ እየተፋ ሲያልፍ ምራቁን የጠረግሁት እኔ ነኝ። አንተም ቤት ነበርክ፤ አይተሃል። ዳኛ ያጸዳውን ስም አንተ በብሩሽህ አጨቀየኸው።

ከሸቀጥ ሱቁ ስደውልልህ ሳቅህ። «ጊስሌን፣ ሥዕል እኮ ነው። አለቃዬ እስከ ሰኞ አንድ ከዳተኛ ፈልግልኝ አለኝ፤ እኔ የማውቀው ጀልባ አሻጋሪ አባባን ብቻ ነው። ልጆች ናቸው የሚያነቡት፤ ማን ልብ ይለዋል?» አልከኝ። ማን ልብ ይለዋል? አንተው አይደለህ እንዴ እየተኩራራህ ያስተማርከኝ? «እኛ ጋ ጥላ የለም፣ ድብስብስ የለም። መስመሩ አንድና ንጹሕ ነው፤ የልብስ ቁልፍ እንኳ ብትሆን የማን እንደሆነች በአንድ ዓይን ትታወቃለች» ብለኸኝ ነበር። እሱ ነው ጉድ የሠራን። አደፍርሰህ ብትስለው ኖሮ እሳቸው አይደሉም ብዬ ድርቅ እል ነበር።

አሁን ተማሪዎቹ አባባ ባለፉ ቁጥር ጠጠር በከረጢት ያንሿሹባቸዋል። እሱስ የልጅ ነገር ነው። እትዬ አልፎንሲን ግን ከፍርዱ ወዲህ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ከአባባ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት፤ ባለፈው እሑድ ዣንጥላቸውን አንሥተው ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። አባባ ዞር ብለውም አላዩ። ጀርባቸው ብቻ ሲታጠፍ አየሁት።

የይቅርታ ደብዳቤ እንዳትልክ፤ ምድጃ ውስጥ ነው የምከተው። ታሪኩ ለገና መጽሐፍ ሆኖ ይወጣል ብለሃል። ከዚያ በፊት ያንን ፊት አጥፋው። አለቃህ እንቢ ካለህና የግድ ፊት ካስፈለገው የራስህን ስጠው። በሚመጣው ወር ለቅዱሳን ሁሉ በዓል ደግሞ ናና የአባባን ክንድ ይዘህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ ከአደባባዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሂድ። እትዬ አልፎንሲን ፊት ቆመህ ያደረግከውን በአፍህ ተናገር። የሁለት ሰዓት የባቡር መንገድ ነው፤ ከእማማ ቀብር ወዲህ ግን እንደ ባሕር ማዶ አርቀኸዋል።

ዮላንድን ሳምልኝ፤ እሷ በዚህ የለችበትም። ለሉክና ለማርቲን የፖም ማርማላታ ልኬላቸዋለሁ፤ አንተ እንዳትነካው። ባለቤቴ ኖርበር ሰላም ብሎሃል፤ እኔ ብሆን አልልህም ነበር። አክስታችን ዜሊ ስምህ ሲነሣ ጆሮዬ አይሰማም ትላለች።

አባባ ይህን መጻፌን አያውቁም። መጽሔቱን እሳት ውስጥ ልጨምረው ስል ከእጄ ነጠቁኝ። «አባባ፣ እንዴት አያናድድዎትም?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ያንን የሚስቅ ከዳተኛ ብዙ ሰዓት ተመለከቱትና «ወንድምሽ ስድስት ዓመት ሙሉ አላየኝም፤ ግን እዪው፣ መልኬን አልረሳም» አሉኝ።

እህትህ ጊስሌን
ሮሽሌ፣ ሜዝ ወንዝ ዳር
እሑድ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1955