ሜሮንን ያመጣኋት ዘግይቼ ነው

ሰርክዬ፣ የልጆቼ እናት፤

ከተለየሽን እነሆ ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። መቃብርሽ ላይ ቆሜ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። በወረቀት ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥሁት።

መጀመሪያ ስለ ቤታችን ልንገርሽ። ያው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ በዚያው ቤት ነን። የደጃችን መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ዮናስ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት የፊት ጥርሶቹ በቅለውለታል። ሜሮን አሥራ አንድ ሆናለች፤ ቁመቷ አንቺን ሊደርስ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኗም ያንቺው ነው። አንቺ ስትሄጂ ማንም ሳይነግራት የቤቱን ሥራ ተረከበች። እኔም ከፋብሪካ ስገባ ሳህኑ ታጥቦ፣ የዮናስ ዩኒፎርም ታጥቦ ተሰጥቶ ሳገኝ "ጎበዝ ልጅ፣ እደጊልኝ" እያልሁ ተደላደልሁ።

ባለፈው መስከረም ጉሮሮዋን አመማት። ትኩሳትም ነበራት። "ሎሚ በማር ጠጪበት፣ ይተውሻል" አልኋትና ወደ ሥራዬ ሄድሁ። ከሳምንት በኋላ ያው ሕመም ዮናስን ያዘው። ሰርክዬ፣ እሱን በዚያው ዕለት ነው የወሰድሁት። ከአለቃዬ ፈቃድ ለምኜ፣ ኮንትራት ባጃጅ ይዤ ግሽ አባይ ሰፈር ካለ ክሊኒክ አደረስሁት። መድኃኒቱንም በሰዓት በሰዓቱ እየሰጠሁ አስጨረስሁት። ሜሮን በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። እሷንም ይዣት ልሂድ የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ እንኳ አላለፈም።

ጥቅምት ሲገባ ዛሬ ጉልበቷን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቷን ያማት ጀመር። "ልብስ ማጠብ ሲደርስ ነው የሚያምሽ?" አልኋት። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አመመኝ አላለችኝም።

እኔ ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። አንቺን ያጣሁሽ በልብ ሕመም ነው። በተዝካርሽ ዕለት ትውልድ ቀዬሽ ሐሙሲት ላይ፣ እናትሽ ከድንኳኑ ዳር አስቀምጠው የነገሩኝን አልረሳሁትም። "ልጅ እያለች እሷንም ወንድሟንም እኩል ጉሮሯቸውን አመማቸው" አሉኝ። "እሱን አባቱ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ድረስ ወሰዱት። እሷን እኔው በዳማከሴ ቅጠል አሸኋት። ሴት ልጅ ቻይ ናት ብለን።" አለቀሱ። እኔም በልቤ ፈረድሁባቸው። በእጮኝነታችን ጊዜ ሐይቁ ዳር ስንሄድ፣ በየመሐሉ "ታንኳዎቹን ትንሽ እንይ" እያልሽ የምትቀመጪው ትንፋሽ እያጠረሽ እንደ ነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው። ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ገብቶኝም፣ ያንኑ ደገምሁት።

ጥር ላይ አስተማሪዋ ደወለችልኝ። ሜሮን ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ይዛ ቁጭ ብላለች። ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ እያዘዋወረች ደጋግማ አዳመጠች። ከዚያ "በቤተሰቡ በልብ የታመመ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የለም" አልሁ።

ሰርክዬ፣ ካድሁሽ። አለ ብል ቀጥሎ የሚመጣውን ፈርቼ ነው፤ እያወቅህ እስከ ዛሬ የት ነበርህ መባልን። ሜሮን ዞራ አየችኝ። ከዚያ ለሐኪሟ፣ ቀስ ብላ፣ "እማዬ የሞተችው በልብ ነው" አለቻት።

ሐኪሟ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጉሮሮ ላይ የሚጀምረው ሕመም በጊዜው ካልታከመ መገጣጠሚያ አሳምሞ ልብ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችኝ። "ወንዶቹን ጉሮሯቸውን ሲያማቸው ያመጡልናል። ሴቶቹን ብዙ ጊዜ የምናያቸው ልባቸው ከተነካ በኋላ ነው" አለች። ወንድሟን እንዲህ አሞት ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀኝ "አዎ፣ እሱንማ ወዲያው..." ብዬ ጀመርሁና መጨረስ አቃተኝ።

አንዱ የልቧ በር በመጠኑ ተጎድቷል። በየአራት ሳምንቱ መርፌዋን ሳታቋርጥ ከወሰደች እንዳይብስባት ማድረግ ይቻላል ተብለናል። እስካሁን አንድም አላለፋትም። ሳህን የምናጥበው አሁን ዮናስና እኔ ነን።

ያን ዕለት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ "አባዬ፣ ዮናስ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ትወስደው ነበር?" አለችኝ። መልሱን ታውቀዋለች።

"አዎ" አልኋት። "አጥፍቻለሁ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።"

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል መጥታ ፊቴ ቆመች። "አባዬ፣ ጉሮሮዬን አመመኝ" አለችና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። ቦርሳዬን አስቀመጥሁ። "ጫማሽን አድርጊ፣ እንሂድ" አልኋት። ተመርምራ ቀላል ጉንፋን ነው ተባለ። ስንወጣ እጄን ያዘችኝ፤ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በእውነት አሟት ይሁን ልትፈትነኝ ብላ አልጠየቅኋትም። አልጠይቃትምም።

የሚያሳፍረኝ ይህን ሁሉ ያጠፋሁት አንቺን በየዕለቱ እያሰብሁ መሆኑ ነው። በየዓመቱ ስምሽን በጸሎት አስጠራለሁ፤ ልጅሽ ስትጠራኝ ግን አልሰማሁም። ከእንግዲህ በመርፌዋ ቀን፣ ከወረፋው ላይ ከጎኗ ተቀምጬ አስብሻለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አንድም ጊዜ ብቻዋን አትሄድም።

የልጆችሽ አባት