የመጥረጊያው ሕይወትና አንዲት ባዶ ፋይል

ታናሽ እህታቸው የጻፈችው

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «መጥረጊያው»፣ በቤተሰባቸው ዘንድ ደግሞ «ጋሼ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ወንድማችን ከመጋዘን ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ነሐሴ 14 ቀን 1962 ዓ.ም. ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ታናሽ እህታቸው ተከትላለች። እናታችን ትል እንደነበረው ጋሼ ሲወለዱ እንኳ እንደ ሰው አላለቀሱም፤ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉም እንዲሁ ነበሩ፤ ብዙ ያያሉ፣ ጥቂት ይናገራሉ።

አባታችን መጋዘኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንዳንድ ካርድ ነበራቸው። ሕጋቸውም አንድ ነበር፦ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ሳይቀመጥ ካርዱ አይጻፍም። ካርዱ ቀድሞ ተጽፎ ዕቃው መንገድ ከቀረ ካርዱ ውሸታም ሆነ ማለት ነው ይሉ ነበር። ይህን ነገር እራት በቀረበ ቁጥር ስለሚደግሙት ሁላችንም ሰልችቶን ነበር። እባካችሁ ይህችን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ጋሼ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኮምፒውተር ሳይንስ በማዕረግ ተመረቁ። ለጥቂት ዓመታት በአንድ የመድን ድርጅት ካገለገሉ በኋላ እስከ መጨረሻው ወደቆዩበት ሥራ ተዛወሩ። ሥራቸው የኮምፒውተር ከርነል ላይ ነበር። ለማታውቁት፣ ከርነል ማለት ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች በሙሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። እሳቸው የያዙት ክፍል ፋይል ሲስተም ይባላል፤ የቱ ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው እሱ ነው። በአጭሩ የአባታችንን መጋዘን ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው ተረከቡት።

ሌላው መሐንዲስ ዘንድሮ ይህን ያህል መስመር ኮድ ጻፍኩ ብሎ ሲኩራራ፣ ጋሼ የሚናገሩት ስንት መስመር እንደሰረዙ ነበር። ማንም የማይጠቀምበትን ኮድ፣ አሥራ አንድ ቦታ የተገለበጠውን አንድ ሥራ፣ የጻፈው ሰው ራሱ የረሳውን ጓዝ ሁሉ እየፈለጉ ያወጡ ነበር። መጥረጊያው የተባሉት በዚህ ነው። እናታችን ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏት «የሰው ልጅ ሠርቶ ያድራል፣ የኔ ልጅ ሰርዞ ያድራል» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ከጥርስ ሐኪሟ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ለአንድ መንጋጋ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በአራተኛው ላግባሽ ያሉ ሲሆን፣ መንጋጋው ከመጀመሪያውም ጤነኛ እንደነበረ ባለቤታቸው ዛሬም ይመሰክራሉ። በ1994 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

የሙያው ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ገና ያልወጣውን አዲስ ኮዳቸውን መጀመሪያ የሚሞክሩት በገዛ ቤታቸው ነው፤ ችግር ካለው ሰው ላይ ከሚደርስ እኛው ላይ ይድረስ ማለታቸው ነው። ጋሼም በ1998 ዓ.ም. ያን ጊዜ እየጻፉት የነበረውን ኮድ እናታችን ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫኑት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እናታችን በጠና ታመመች። ታናሽ እህታቸው ማይክሮፎን ይዛ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠችና ድምፅዋን በዚያው ኮምፒውተር ቀዳች። እናታችን አርባ ደቂቃ አወራች። የልጅነታችንን አወራች፣ አባታችንን በካርዳቸው ቀለደችባቸው፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ታንጎራጉረው የነበረውን ዜማ ትንፋሽ እያጠራት እስከ መጨረሻው አንጎራጎረች። ኮምፒውተሩም ፋይሉ ተቀምጧል አለ።

ማምሻውን ጋሼ መጥተው ሲከፍቱት የፋይሉ ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ካርዱ ተጽፏል፣ ዕቃው የለም። ታናሽ እህታቸው መብራት ጠፍቶ እንደነበር ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ እናታችን ደግማ ለማውራት አቅም አላገኘችም፤ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ታናሽ እህታቸው አንቱታዋን ጥላ «የእናቴን ድምፅ የበላው የሱ ኮድ ነው» አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ቃሉ አልተመለሰም። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት አንድ ኮምፒውተር መኝታ ቤታቸው ውስጥ አስቀምጠው ፋይል እያስቀመጡ ሶኬት ሲነቅሉ ኖሩ። እያስቀመጡ ይነቅላሉ፣ ሰክተው ያያሉ፣ እንደገና ይነቅላሉ። የግድግዳው ልስን ረገፈ። ሶኬቱ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሦስተኛው ጊዜ «እዚህ ቤት በሬ ነው የምታስሩበት?» ብሎ ጠይቋል። ልጃቸው መቁጠር የተማረችው የአባቷን ነቀላ እየቆጠረች ነው። ኮዱ በአንድ መስመር የሚቃና አልነበረም፤ ካርድ ጻፊውና ዕቃ አስገቢው እርስ በርስ ስለተተበተቡ አስቀድሞ ሁሉም መጽዳት ነበረበት። የክፍሉ የበላይ ኃላፊ ሥራውን ስድስት ጊዜ መለሱባቸው፣ በሰባተኛው ተቀበሉት። በ2000 ዓ.ም. እርማቱ አልቆ ወጣ። ኋላም ክፍሉን ራሳቸው ተረክበው እስከ ዕለተ ሞታቸው አቅራቢያ በኃላፊነት መሩ።

እሑድ እሑድ ታናሽ እህታቸውን ሳይጠይቁ ቀርተው አያውቁም። ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ጨዋታ ግን የለም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ይሉና «አሁን ብትነቅዪውም ምንም አይጠፋም» ይሏታል። ሥራቸውን ሊያስመሰግኑ መስሏት በልቧ ትበግን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞች የተቻላቸውን አደረጉ፣ ባለቤታቸው ክሊኒካቸውን ዘግተው አስታመሙ። ጋሼ ሆስፒታል አልጋ ላይ ላፕቶፓቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሥራቸውን ለወጣቷ ተረካቢያቸው ሲያስረክቡ ሰነበቱ። የመጨረሻ ሥራቸው አንድ መስመር መሰረዝ ነበር። የእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር አለ፤ ከዚያ ላይ የገዛ ስማቸውን ሰረዙ። ምክንያቱንም «ሰው የኔን መልስ ሲጠብቅ እንዳይቀር» ብለው ጻፉ። በአምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

ታናሽ እህታቸው እያልኩ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ትናንት ረፋዱ ላይ ተረካቢያቸው ይህን ጽሑፍ ልታግዘኝ መጥታ የ2000ውን እርማት ከፍታ አሳየችኝ። በሙያቸው ደንብ እያንዳንዱ እርማት ምክንያቱ አብሮት ይጻፋል፤ ችግሩን ያመለከተውም ሰው ከሥሩ ይመዘገባል። ጋሼ የጻፉት ይህን ነው፦

«መብራት አልጠፋም፤ አልጋው ራስጌ ያለው የኤሌክትሪክ ሰዓት ልክ ነበር። ሶኬቱ ተነቅሎ ነው። ቤት ውስጥ ሶኬት ይነቀላል። የነቀለው ሰው ጥፋት የለበትም። ዕቃው ሳይገባ ካርዱን የጻፈው ኮዱ ነው፤ ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ችግሩን ያመለከተችው፦ እህቴ።»

የነቀልኩት እኔ ነኝ። የካውያው ገመድ የሚደርሰው እዚያ ሶኬት ብቻ ነበር። ተቀምጧል ሲለኝ አምኜው ወዲያው ነቀልኩና የእናቴን አንሶላ ተኮስኩ። ደንግጬ መብራት ጠፋ አልኩ፤ ከዚያማ ሆድ ይፍጀው ብዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዝኩት። ያ ሰዓት መብራት በጠፋ ቁጥር ዜሮ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የሚያስተካክሉት ደግሞ ሁልጊዜ ጋሼ ነበሩ። ያን ማታ አይተውታል። አይተው ዝም አሉ። ለቅሶ ቤት ስሰድባቸውም ያውቁ ነበር። ወይኔ ጋሼ!

እሑድ እሑድ በራፌ ላይ ቆመው የሚሉኝ ለካ አይዞሽ ነው። እኔ ደግሞ ስኳር ስንት ልጨምር ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ያን ሁሉ እሑድ አንድ ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው የጠራው እሳቸው ዓይናቸውን ከጨፈኑ በኋላ ነው። እንግዲህ ያኔ ለቅሶ ቤት የሰማችሁኝ ሁሉ ዛሬም እዚህ አላችሁና ስሙኝ፦ እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ወንድማችን ውድ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ፈጣሪ ብርታቱን ይስጣቸው።

የጋሼን ነፍስ የእናታችን ድምፅ ካለበት ያድርስልን።