ከአንገት በታች የታየኝ ክፍል

ለምወድሽና ዘወትር ለማስብሽ እናቴ፦

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ተወሽ ወይ? አባዬንስ ሳሉ ተሻለው? ጣራውስ ተጠገነ፣ ወይስ አሁንም ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዛችሁ ትሯሯጣላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ድምፄ ብቻ በጩኸት ተዘግቷል፤ ምክንያቱን አሁን ትሰሚያለሽ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ቁርጡን ንገሪኝ ብለሽኝ ነበር። በትንሿ እህቴ በሚጣ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር ጠፋ። እሷ ደግሞ ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ ስላለች፣ ወሩ ሲያልቅ የፊዚክስ መምህር ወዳለበት ከተማ አክስቴ ዘንድ ልትልኪያት ሻንጣዋን አዘጋጅተሻል። በኢንተርኔት ትማር ብዬ ብጽፍልሽ፣ መስታወት ውስጥ ያለ መምህር ልጅ አያስተምርም ብለሽ ሳቅሽብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የእኔም ልብ አላመነም ነበር።

ትናንት ተጀመረ፣ እማዬ! በክልሉ ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ መረብ መያያዝ ጀመሩ። አንዱ ጋ የሌለውን ትምህርት ተማሪው ከሌላው ትምህርት ቤት መምህር ይማራል። የመጀመሪያውን የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እንድታስተምር የተመረጠችው ማን መሰለችሽ? ያቺ አፍ ብቻ የምትያት ልጅሽ!

ያስተማርኩት የስፖርት ዕቃ ይቀመጥበት በነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ የኮምፒዩተር ባለሙያው ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሏል። ከካሜራው ጀርባ የትምህርት ቢሮው ኃላፊና ርዕሰ መምህራችን ቆመዋል። ገና ሳልጀምር ጠመኔው ወደቀብኝ።

ስክሪኑ ሲበራ በየትምህርት ቤታቸው ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጡት ተማሪዎች በየሳጥናቸው ብቅ ብቅ አሉ። እንደምን አደራችሁ አልኳቸው። መምህር ሲገባ እንደለመዱት ሁሉም ብድግ! ፊት የሚባል ጠፍቶ ስክሪኑ ሙሉ ሆድና ቀበቶ ሆነ። እኔ ደንግጬ ተቀመጡ ማለቱ ጠፋኝ፤ እነሱ ደግሞ ሳይፈቀድላቸው መች ይቀመጣሉ? ኃላፊው ካሜራው የተበላሸ መስሎት ባለሙያውን ገላመጠው፤ ምስኪኑም ገመድ ይነካካ ጀመር።

ዓይኔ በዚያ ሁሉ ቀበቶ መሐል ሲንከራተት አንድ አረንጓዴ ሹራብ ላይ ተተከለ። ቁልፎቹ ጥቁር ናቸው፣ መሐል ላይ ግን አንዲት ትልቅ ቀይ። ያቺን ከአሮጌ ካፖርትሽ ፈትተሽ ስትተክያት ሚጣ አልለብሰውም ብላ ማልቀሷ መቼም አይረሳሽም። የእነሱ ትምህርት ቤት መስመር ገና ነው ተብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበርኮ! ተቀመጡ ብዬ ስጮህ ኃላፊው ደንግጦ ዘለለ። ከሹራቡ በላይ ሚጣ ጥርሷን ገልፍጣ ብቅ አለች።

ነግራሽ ይሆናል፤ እሷ ታጋንናለች ስለምትይ እኔ ልመስክርላት። መስመሩ መሐል ላይ እየተቆረጠ አበሳጭቶናል፣ አልደብቅሽም። ግን ስለ ስበት ሳስረዳ እጇን አውጥታ፣ እንግዲያው ጨረቃ ለምን አትወድቅም አለች። አይቷት የማያውቅ አንድ ልጅ ከሌላ ከተማ መለሰላት። አልረካሁም ብላ ተከራከረችው፣ ሌሎቹም ገቡበት፣ ክፍሉ ጦፈ። ደስታዬን የምይዝበት ጠፋኝ!

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው፦ ሻንጣውን ፍቺው። እኔን በልጅነቴ ለትምህርት ሸኝተሽ በር ላይ የቀረሽው ይበቃል። ይቺኛዋ ከጎንሽ ሆና ትማራለች።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን እንዳይዘል ተቆጪው። ታላቅ ወንድሜን ሰላም በይልኝ፤ ጣራውን ካልጨረሰ ግን ሰላምታዬን መልሺልኝ። ለሚጣ ሰላምታ አልልክም፤ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ እንገናኛለን። ቀይዋን ቁልፍ ብቻ አደራ፣ እንዳትቀይሪያት።

የምትወድሽ ልጅሽ

ብርድ ልብስ ከተሰቀለበት ክፍል፣ ዓርብ ጥቅምት ፰ ቀን