ያለ እኔ የመረጣችሁት መኪና

ዘውዱዬ፣

ከተለየኸን አሥር ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ እንባዬ አላስጽፍ ብሎኝ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተቀይሜህ ነው። ለሌላ ሰው ባወራው አንተን ማማት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ለራስህ ልንገርህ።

ቤቱ እንደነበረ ነው። ሮደልሃይም ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እኔም ኖርድኤንድ ሰፈር ያለው መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ውስጥ መሥራቴን አልተውኩም። አሮጌዋ መኪናችን የጀርመኖቹን የዘንድሮ የመኪና ምርመራ ማለፍ ስላቃታት ለቁራጭ ብረት ሰጠናት። ማህሌት አሥራ ስምንት ሞላት፤ መንጃ ፈቃዷን በመጀመሪያው ፈተና አገኘች። ነርስነት እንድትማር ታውኑስ ተራራ ላይ ያለ አንድ ሆስፒታል ተቀብሏታል። የጠዋት ፈረቃው የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እሁድ እሁድ በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚወጣ አውቶቡስ የለም። አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ስታደርሳት ቆይታ ልጅቷ ቤት ቀየረች። መኪና የግድ ሆነ።

መግዛት አቅማችን አይደለም። በየወሩ እየተከፈለ ለሦስት ዓመት የሚያዝ፣ ሊዚንግ የሚሉት አለ ተባልን። ጋዜጣው ላይ በትልቁ የተጻፈው የወር ክፍያ ትንሽ ነው፤ ስንሄድ ግን ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ አለው። ሌላው ሻጭ የማህሌትን ዕድሜ ሲሰማ ለወጣት ነጂ ኢንሹራንሱ እጥፍ ነው አለን። ሦስተኛው የደመወዝ ወረቀቴን አገላብጦ አይበቃም ብሎ መለሰልኝ። ከቤታችን አሥር ደቂቃ በእግር ወደሚያስኬደው መኪና መሸጫ እንሂድ ባልኳት ቁጥር ልጅህ፣ «እሱ ውድ ነው» እያለች ታስቀረኛለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ብቻዬን ጎራ አልኩ።

ሻጩ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጀርመናዊ ነው። ስማችንን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ። ከመሳቢያው አንድ ፋይል አወጣ። የአንተን የእጅ ጽሑፍ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ከማህሌት ጋር መጥታችሁ፣ አንዲት ትንሽ ግራጫ መኪና መርጣችሁ፣ ልጅቷ አሥራ ስምንት እስኪሞላት ዋጋውን እንዲጠብቅላችሁ ለምነኸው ነበር።

«ባለቤትዎ ውሉ በእርስዎ ስም ይሁን አሉኝ» አለኝ። «እኔ ሦስቱን ዓመት አልደርስባቸውም፣ ሐኪሞቹ ነግረውኛል አሉ። እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

ወንበር ሳበልኝ። ውሃ አመጣልኝ። አልጠጣሁትም።

ለመኪና ሻጭ ነገርከው፣ ዘውዱ። ለእኔ ጨጓራ ነው አልከኝ። ኒደርራድ ያለው ቢሮህ መሄድ ስታቆም፣ የተረፈ ኡርላውብ አለኝ፣ ዕረፍቴን ልውሰድ አልከኝ፤ አመንኩህ። ሶፋው ላይ ተኝተህ ስትውል ሰነፍክ ብዬ ተቆጣሁህ። ወጥ ቤቱን ቀለም አልቀባህልኝም ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኩህ። ከቀሩህ ቀኖች ሁለቱን በኩርፊያ ነው ያሳለፍኳቸው። ደርግ ወድቆ መንገዱ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ሄደን እናቴን አብረን እንያት ስልህ ለሚመጣው የገና በዓል አልከኝ። እያወቅክ ነው ያልከኝ።

የዚያን ቀን ማህሌት ከፈረቃ ስትገባ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳት። አይታው እንደ ልማዷ በጀርመንኛ ጀመረች። ከዚያ ተወችውና በአማርኛ፣ «አባዬ አስምሎኝ ነው፣ እማዬ» አለችኝ። «ሆስፒታልም ዶክተሩ እውነቱን ሲነግርሽ እኔ ነኝ ሌላ ነገር አድርጌ የተረጎምኩልሽ።»

ታውቃለህ፣ የሥራ ጀርመንኛ አላጣም፤ የሐኪም ጀርመንኛ ግን አይገባኝም። ያን ዕለት ዶክተሩ ረጅም ተናገረ። ልጅህ አሳጥራ፣ ደም አንሶት ነው፣ ይሻለዋል አለችኝ። ዶክተሩ እጄን ሲይዘኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞትክ።

መጀመሪያ በእሷ ነደድኩ። ሁለታችሁም ተጠቃቅሳችሁ አታለላችሁኝ አልኳት። ሰማችኝና ሁሉንም አወጣችው። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ያስመለስክበትን ሳፋ አጥባ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ እኔ ከሥራ እስክገባ ሽታው እንዲወጣ ታደርግ ነበር። የመጨረሻ ፈተናዋን የተፈተነችው በዚያው ወር ነው። ከቀብርህ በኋላ ለቅሶ ደራሹ ፊት፣ ምነው ቀደም ብለን ባወቅን ኖሮ እያልኩ ሳለቅስ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። እኔን ላለማስደንገጥ ብለህ ከሆነ፣ እሷስ ልጅ አይደለችም? የእኔን ድርሻ ሐዘን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አሸከምካት።

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ቶሎ እንደማይነገር አውቃለሁ። የአባቴን ሞት የሰማሁት ከስንት ወር በኋላ ነበር። አንተና ጓደኞችህ ናችሁ ማለዳ ሰብሰብ ብላችሁ መጥታችሁ ያረዳችሁኝ። ሰዉ ከሄደ በኋላ፣ ከእንግዲህ አንተ እንኳ ምንም ነገር አትደብቀኝ አልኩህ። እጄን ይዘህ እሺ አልከኝ። እኔ ያን እሺታ ይዤ ነው የኖርኩት።

የሽማግሌው ሻጭ ዋጋ ካየናቸው ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያም አልጠየቀንም። እልህ ይዞኝ ልተወው ነበር። የማህሌት የእሁድ ፈረቃ ግን የእኔን እልህ አይጠብቅም። ሁለታችን ሄድን። ውሉ ስድስት ገጽ ነበር። «አንድም ቃል ሳታሳጥሪ ንገሪኝ» አልኳት። በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዳ፣ መኪናው ሲመለስ ጭረት ቢገኝበት ማን እንደሚከፍል፣ ሁሉንም ተረጎመችልኝ። አራተኛው ገጽ ላይ ፈራሚው ቢሞት ወራሾቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚል አለ። እዚያ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆመች። ሽማግሌው ገጹን ሊገልጥላት እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ ከለከልኩት። ጠበቅኳት፤ ጨረሰችው። ከዚያ ፈረምኩ።

መኪናዋ ሰማያዊ ናት፤ ግራጫዋ ተወስዳለች። ማህሌት ቀስ ብላ ነው የምትነዳው፤ አንተን አልወጣችም።

ባለፈው ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ያልገባኝን በቀላል ጀርመንኛ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ስጨርስ ማህሌት በመኪናዋ መጥታ ወሰደችኝ። ደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ቤት እስክንደርስ አልጠበቅኩም። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ገና ሞተሩን ሳታስነሳ፣ ሐኪሙ ያለኝን እንዳለ ነገርኳት። ትንሽ አለቀሰች። ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ከዚያ ተነስተን ገበያ ሄድን።

ሙት ዓመትህ ሁለት ወር ቀርቶታል። ቄሱን አናግሬያለሁ፤ ድግሱንም እኔና ማህሌት እንደ አቅማችን እናደርገዋለን። ሰው ደግነትህን ሲያነሳ እኔም አብሬ አነሳለሁ፤ እውነት ነውና። ስምህን ሳልጠራ የማድርበት ቀን አይኖርም። ግን የማስታውስህ ሙሉውን ነው፣ ዘውዱዬ፤ የወደድከኝንም፣ የዋሸኸኝንም። ይቅር እንድልህ ብዙዎች ይመክሩኝ ይሆናል። እየሞከርኩ ነው። እስካሁን አልሆነልኝም፤ ሆኖልኛል ብዬ ግን አልዋሽህም።

ሚስትህ አስቴር